ቀድሞ የሄደ ሁሉ አባት አይደለም

እታለም በዕድሜዋ ያሸነፈቻቸው ክርክሮች ሁሉ የተካሄዱት እቤቷ ውስጥ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ተከራካሪው በሌለበት ነበር።

ሰው ፊት ሲሆን አንደበቷ ይተሳሰራል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በተረት አጅቦ፣ ዱላውን መሬት ላይ እየተከለ ሲናገራት ነገሩ ልክ አለመሆኑ ይታወቃታል፤ የቱ ላይ እንደተጣመመ ግን በጣቷ መጠቆም አይሆንላትም። መልሱ ከተፍ የሚለው እቤቷ ገብታ፣ ነጠላዋን ሰቅላ፣ የበርበሬ ዛላ ልትለቅም ስትቀመጥ ነው። «እንዲህ ብየው ኖሮ!» ትላለች፣ የሻገተውን ከደህናው እየለየች። በርበሬው ዝም ብሎ ይሰማታል። ከበርበሬ ጋር ተከራክሮ የተረታ ደግሞ የለም።

ጎረቤቷ ቂርቆስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቂርቆስ ሳያሸንፍ እቤቱ የገባበት ቀን የለም። አንድ ዓመት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ መጥቶ በቆሎ በመስመር ቢዘራ እንደሚሻል ለመንደሩ ሲያስረዳ፣ ቂርቆስ ከኋላ ተነሥቶ፣ «ለመሆኑ አንተ ስንት ማሳ አለህ?» አለው። ልጁ «የለኝም» አለ። «ሰማችሁ ጎበዝ! መሬት የሌለው ስለ መሬት ሊነግረን መጣ!» ሰዉ በሳቅ አለቀ። ልጁ የመለኪያ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። በቆሎው በመስመር ቢዘራ ይሻል እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ዓመት በመስመር የዘራም አልተገኘ።

ይህ ሰው ነው የእታለም የመቀናጆ ጓደኛ። እሱ አንድ በሬ አለው፤ እሷም አንድ በሬ አላት። አንድ በሬ ብቻውን የደጅ ጌጥ ነው እንጂ እርሻ አያርስም። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምዶ፣ ቂርቆስ በየተራ የሁለቱንም ቤት መሬት ያርሳል፤ እሷ ደግሞ ለአረምና ለአጨዳ ጉልበቷን ትመልሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስድስት ክረምት በዚህ ኖሩ። በዚያ ላይ የቂርቆስ ሚስት ማሚቱ የእታለምን ልጅ ትሕትናን ክርስትና ስላነሳች አበልጆች ናቸው። አበልጅ ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሲጣሉም እንደ ሥጋ ዘመድ ነው።

ጠቡ የመጣው በሬ በመቀየሯ ነው። የድሮ በሬዋ በታኅሣሥ ገደል ገብቶ ሞተ። ቡሬ የሚኖር ወንድሟ በጥር ወር ከቡሬ ገበያ ዳልቻ የሚባል አመድማ በሬ ገዝቶ ላከላት። ሰፊ ደረት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሣሩ የሚመለስ በሬ ነው። ከቂርቆስ በሬ ከቦቃ ጋር ተጠመደ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የቦቃ ጎድን አጥንት ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ።

ከጅጋ ሁለት ሰዓት በእግር በምታስኬደው በዚች መንደር እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ወደ ሰንበቴው ቤት ይሰበሰባል። ዳቦው ተባርኮ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን እንደያዘ ቂርቆስ ተነሣ።

«አበልጄ!» አለ፤ ይህን ሲል ሰዉ ሁሉ ዋንጫውን አስቀመጠ። «ወይ ዳልቻን ሽጭ፣ ወይ መቀናጆው ይፍረስ። ሦስተኛ የለውም።»

«ዳልቻ ምን አደረገ?» አለች እታለም፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ።

«ምን አደረገ ትላለች! ቦቃ ወይፈን የሚያስንቅ በሬ አልነበረም? ዳልቻ በጥር መጣ። በየካቲት ቦቃ ከሳ። በመጋቢት ይደናቀፍ ጀመረ። አሁን ሦስት ትልም ሳያወጣ ይተኛብኛል። በሬሽ እግረ ደረቅ ነው! የረገጠው ሁሉ ይደርቃል!»

«እስቲ ቦቃ የሚበላውን...»

«ሰማችሁ? ቂርቆስ በሬውን በራብ ገደለ አለች!»

«እንዲያ አላልኩም...»

«ደግሞ የቡሬ በሬ! አጎቴ አንድ ጊዜ ተቡሬ በሬ ገዝቶ በሳምንቱ ሞተበት። የቡሬ በሬ ላይን ያምራል እንጅ ውስጡ ባዶ ነው። ዛሬ ዝም ብል ነገ ላሚቱ ትነጥፋለች፤ ተነገ ወዲያ ዶሮዎቹ ያልቃሉ፤ ለመስከረም እኔና ማሚቱን ቀብራችሁ ትመለሳላችሁ!»

ሰዉ ሳቀ። ቂርቆስ ሳቁን ሲሰማ እንደ ተቀባ ቆዳ ለሰለሰና መዝጊያውን አመጣ፦ «ተአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባል የለም? ቦቃም ተዳልቻ ጋር ውሎ መክሳት ተምሮ መጣ!»

ከዚህ በኋላ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ካህኑ ቄስ እንድሪያስ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «እስተ ሚመጣው ሰንበት አስቢበት» ብሎ ቂርቆስ ተቀመጠ።

እታለም እቤቷ ገባች፣ ነጠላዋን ሰቀለች፣ በርበሬው ፊት ተቀመጠች። ሦስት ዛላ እንደለቀመች መልሱ መጣ። «ዳልቻ መክሳት ካስተማረ፣ ራሱ ለምን ወፈረ?» አለች ጮክ ብላ። በርበሬው ተረታ።

ቀልዱ ግን አልዘለቀም። ግንቦት እየገባ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ያልታረሰ መሬት በቆሎ አያበቅልም። መቀናጆው ከፈረሰ ግማሽ ሄክታር የምትሆነውን ሁለት ቃዳ መሬቷን ጥማድ ላለው ሰው የእኩል ከመስጠት በቀር ምርጫ የላትም፤ የእኩል ማለት ደግሞ የምርቱ ግማሽ ከአውድማው ሳይነሣ ሄደ ማለት ነው። ትሕትና ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። የምትበላው ከዚህ በቆሎ ነው። ግማሽ በቆሎ ግማሽ ዓመት ያስተምራል፤ ግማሽ ዓመት ተምሮ ክፍል ያለፈ ተማሪ ደግሞ የለም።

ስለዚህ በገበያው ቀን ዳልቻን በሌላ በሬ የሚለውጣት ሰው ፍለጋ ጅጋ ወረደች። አላገኘችም። አንዱ በሬ ቀንዱ የተሰበረ፣ አንዱ ገና ያልተገራ ወይፈን ነው። ከሰዓት በኋላ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከፊቷ አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ከረጢት በትከሻቸው አንግተው ይሄዳሉ። እሳቸው ሲያዘግሙ እሷም አዘገመች፤ ቀድማቸው ለማለፍ አፍራ ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ እንደሄዱ ወንዙ ዳር ደረሱ። ጀሪካን የምትሞላ ሴት ቀና አለችና፣

«አባትሽ ደክሟቸዋል መሰል፤ ከረጢቱን ብትቀበያቸው ምን ነበር!» አለቻት።

«አባቴ አይደሉም።»

«ታዲያ ምንሽ ናቸው?»

«ምኔም አይደሉም። ቀድመውኝ እየሄዱ ነው እንጅ።»

«ወይ ጉድ! ተከታትላችሁ ስትመጡ ጊዜ ልጃቸው መሰልሽኝ።»

ሽማግሌው ዞር አሉ። «ልጄ ብትሆንማ ይሄን ጊዜ ከረጢቱ እሷ ትከሻ ላይ ነበር» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እታለም እግሯን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች ቆመች። ቀድሞ መሄድ ሌላ ነው፤ አባት መሆን ሌላ ነው። ዳልቻ በጥር መጣ፤ የቦቃ ክሳት በየካቲት ተከተለ። ሰዉ ሁለቱን ተከታትለው ሲመጡ አየና አባትና ልጅ አደረጋቸው። ወንዙ መካከል ብቻዋን ሳቀች። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ጥላ አየቻት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቤቷ ገብታ ለበርበሬው ትነግረው ነበር። አሁን ግን ራሷን ታውቃለች። ደጇን በሩቁ እያየች አለፈችና የመንደሩን ትልቅ ሽማግሌ፣ አያ ክንዱን፣ ግቢያቸው አጥር ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«አያ ክንዱ፣ ተአበልጄ ጋር ያነጋግሩን። አንቱ ይዳኙን።»

«እሽ፤ እሑድ እንሰበሰብ የለም?»

«ነገ ይሁንልኝ። እስተ እሑድ ከቆየ ለበርበሬው ነግሬ እጨርሰዋለሁ።»

አያ ክንዱ ነገሩ አልገባቸውም፤ ዓይኗን ሲያዩት ግን «ነገ ይሁን» አሉ።

በማግስቱ ከሰንበቴው ቤት ደጅ ካለው ግራር ሥር ሰው ከሚጠበቀው በላይ መጣ። ቂርቆስ ያለበት ጉባኤ ከሠርግ ይሻላል የሚሉ አሉ። አያ ክንዱ ከመካከል፣ ቄስ እንድሪያስ በቀኛቸው ተቀመጡ። በግራቸው ዘሩ የሚባለው ሰው ተቀመጠ፤ ፍርድ ሳይሰጥ ውሎ ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቂርቆስ የእሑዱን ሁሉ አንድም ሳያስቀር መልሶ ተናገረው፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ እግረ ደረቅ። ሲጨርስ እታለም ተነሣች። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቅልላ ያዘች።

«እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። ከዚያ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጃንጥላቸውና ስለ ወንዟ ሴት ነገረቻቸው። ድምፅዋ መጀመሪያ ለፊተኞቹ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ «ከረጢቱ እሷ ትከሻ ላይ ነበር» ስትል ግን ከኋላ ሳቅ ሰማችና ቀና አለች። «ዳልቻም ተቦቃ መክሳት ቀድሞ መጣ። እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ምኑ ነው? አባቱ ነው ወይስ መንገድ ያገናኘው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ቂርቆስ ዞረ።

«ሌላ ምን አባት አለው?» አለ ቂርቆስ። «በጥር የመጣ እሱ ነው!»

አያ ክንዱ ጺማቸውን ያዙ። «እስቲ ጎበዝ፣ በጥር ሌላስ ምን መጣ?»

«የቄስ እንድሪያስ አዲሱ ጃንጥላ!» አለ አንዱ።

«የኔ መንጋጋ የተነቀለው በጥር ነው!» አለች አንዲት አሮጊት።

«ያያ ክንዱ ስልክ የተገዛው በጥር አይደለም?»

«ስልኬን አትንኩ» አሉ አያ ክንዱ። «እኔ ለቦቃ ደውየለት አላውቅም።»

ሳቁ እስኪበርድ ጥቂት ቆየ። ቂርቆስም ሳቀ፤ ጥርሱን ከገለጠ በኋላ ግን መሸነፍ እንዳይመስልበት ፈጥኖ ወደ እሑዱ መዝጊያው ሮጠ። «ሳቁ እንጅ! ተአህያ ጋር የዋለች ጊደር ግን...»

«አበልጄ» አለች እታለም፤ መልሱ ቤቷ ድረስ ሳያስኬዳት እዚያው አፏ ላይ ነበር። «ዳልቻ መክሳት የሚያስተምር ከሆነ፣ ራሱ ለምን ወፈረ? ፈስ የማታውቅ አህያ ፈስ ታስተምራለች?»

ሰዉ ግራሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ቄስ እንድሪያስ በዚህ ጊዜ ነጠላም አላገኙም፤ ጃንጥላውን ከፊታቸው ዘረጉት።

ቂርቆስ ቡሬን አነሣ። እታለም «ያጎትህ በሬ ስንት ነበር?» አለችው። «አንድ።» «ቡሬ ገበያ ባንድ ቀን ስንት በሬ ይወጣል?» ቂርቆስ ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ የመጨረሻውን ጦር አወጣ።

«ለመሆኑ አንቺ እርፍ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ? ሴት ስለ ጥማድ ምን አገባት?»

ይህ የዚያን የግብርና ልጅ ገመዱን አስይዞ ያስቀረው ጦር ነው። እታለም ጥለቱን በጣቷ አንድ ዙር ጨመረች።

«አልጨበጥኩም» አለች። «አንተስ ወጥ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«እኔ?»

«አታውቅም። ጨው የበዛበት ቀን ግን መንደሩ ሁሉ ይሰማሃል።»

«እውነት ነው!» አለች ማሚቱ፣ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ። አፏ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የሚዘጋ አልሆነም። «እንዲያውም በጥር ምን መጣ ትላላችሁ እንጅ፣ አዲሱ ቀንበርም የመጣ በጥር ነው!»

ቂርቆስ ወደ ሚስቱ ዞረ። አስተያየቱ ከስድብ ይብስ ነበር።

ቀንበሩን የማያውቅ የለም። ቂርቆስ ከዋንዛ እንጨት በገዛ እጁ ጠርቦ፣ በቅቤ አሽቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ለቤት ያሳየው ቀንበር ነው። «እንዲህ ያለ ቀንበር ተጅጋ እስተ ሽንዲ አይገኝም» ብሏል። ከጅጋ እስከ ሽንዲ ያሉትን ቀንበሮች መቼ እንዳያቸው የጠየቀው የለም።

ዘሩ ሲጠብቅ የቆየው ይህን ነበር። ዘሎ ተነሣ። «በቃ፣ ተገኘ! የቂርቆስ አባት ጠጅ ቤት ማደር መች ጠፍቶን! የሰካራም ልጅ ምን ቀንበር ይጠርባል? ፍርዱ ለእታለም ነው! መቀናጆው ይፍረስና ደህና ሰው ትፈልግ!»

«እውነት ነው!» «ይፍረስ!» የሚሉ ድምፆች ከዚህም ከዚያም ተነሡ። ሰው የወደቀ ጮሌ ማየት ይወዳል። ቂርቆስ ዱላውን መሬት ላይ አልተከለም፤ ጭኑ ላይ አጋደመው። ጆሮው ቀላ። በስድስት ዓመት ውስጥ እታለም ይህን ሰው ሲያቀረቅር አይታው አታውቅም።

አሁን ዝም ብትል አሸናፊ ናት። አገሩ ሁሉ ከእሷ ጋር ነው። አሸንፋ እቤቷ ስትገባ ግን አንድ በሬ፣ ሁለት ቃዳ ጦም ያደረ መሬትና በቀኝ በኩል የተዘጋ የአበልጅ ደጅ ይዛ ነው። ደግሞም ነገሩ ልክ አይደለም፤ የት ላይ እንደተጣመመ ዛሬ በጣቷ መጠቆም ትችላለች።

«ዘሩ፣ ቆይ» አለች። «አባቱ ጠጅ መውደዳቸው ለቀንበሩ ምኑ ነው?»

«እ?» አለ ዘሩ።

«ቀንበሩን የጠረበው ልጃቸው ነው፤ በጠረበበት ቀን ደግሞ ውሃ እንኳ አልጠጣም፤ ማሚቱ ነግራኛለች። ደግሞ ቀንበሩም ቢሆን በጥር ከመጡት አንዱ ነው። ዳልቻ ቀድሞ በመምጣቱ ብቻ አባት ካልሆነ፣ ቀንበሩስ ቀድሞ በመምጣቱ ብቻ እንዴት አባት ይሆናል? ሄደን እንየው እንጅ።»

ቂርቆስ ቀና አለ። ትጥለኛለች ብሎ ከጠበቃት ሴት ጎን ቆሞ ራሱን አገኘው።

ጉባኤው እንዳለ ተነሥቶ ወደ ቂርቆስ ግቢ ሄደ። ቀንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቅቤው እያብረቀረቀ ቆሟል። እውነትም ውብ ነው። አያ ክንዱ ገመድ አስመጡ። ሞፈሩ ከሚታሰርበት ቦታ እስከ ዳልቻ አንገት ማረፊያ ለኩ፤ ገመዱን በጣታቸው ያዙ፤ ከዚያው ቦታ ወደ ቦቃ በኩል አዞሩት። ገመዱ አራት ጣት ተረፈ። ደገሙት። አራት ጣት ተረፈ።

«ሞፈሩ ወደ ቦቃ ተጠግቷል» አሉ ቄስ እንድሪያስ። «ሁለት ሰው ባንድ እንጨት ሸክም ሲሸከም፣ ሸክሙ የተጠጋው ነው እሚጎብጥ። ቦቃ ተጥር ጀምሮ የዳልቻን ድርሻ ጨምሮ ሲሸከም ከርሟል።»

«ሊሆን አይችልም» አለ ቂርቆስ። «መሃሉን በዓይኔ ነው የለካሁት። ዓይኔ ተሳስቶ አያውቅም።»

«አለመሳሳቱን በምን አወቅህ?» አሉ አያ ክንዱ።

«ሁልጊዜ እያየሁ!»

ማሚቱ ከሳቋ ብዛት ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ቂርቆስ የተናገረውን ለራሱ ደገመው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ከዚያ እሱም ከሆዱ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከጆሮው ላይ ቅላቱን ወሰደለት።

«እንግዲህ ተሳስቻለሁ» አለ። «አባቱ ቀንበሩ ነው።»

«ገና ነው» አለች እታለም።

«ደግሞ ምን ገና አለው?»

«መጣመሙን አየን እንጅ ያከሳው እሱ መሆኑን አላየንም። በአሮጌው ቀንበር ጥመዳቸውና እንየው።»

አሮጌው ቀንበር የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ዶሮዎቹ በታላቅ ተቃውሞ ለቀቁት፤ ተፋቀ፣ ታጠበ፣ ተጠመደ። በመጀመሪያው ቀን ቦቃ እንደ ልማዱ ሦስተኛው ትልም ላይ ተኛ። ቂርቆስ ከማሳው መካከል ሆኖ «አላልኳችሁም!» ብሎ ሲጮህ ደስታው ከተሸናፊ የማይጠበቅ ነበር። እታለም ከዳር ሆና «አንድ ቀን አንድ ቀን ነው» አለችው። በሦስተኛው ቀን ቦቃ አምስት ትልም አወጣ። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቂርቆስ ሊያሳርፈው ሲያቆመው፣ ቦቃ መቆሙ ስላልገባው አንድ እርምጃ ጎተተው።

ቂርቆስ እርፉን ለቆ ወደ እታለም መጣ። «አሁንስ? አሁንስ አባቱ ቀንበሩ ነው?»

እታለም አሰበች። «ይመስለኛል። ግን ባለፈው ሳምንት ካፊያ ጥሎ ሣሩም በቅሏል። ሣሩም ረድቶት ይሆናል።»

«ኧረ ባምላክ አበልጄ!» አለ ቂርቆስ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ። «አንዴ እንኳ አሸንፊና ዝም በይ!»

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሰላም አጣ። ማንም ሰው ምንም ማለት አልቻለም። አንዲት ሴት ቁራ ጮኸብኝ፣ እንግዳ ይመጣል ስትል ልጇ «ቁራው ለእንግዳው ምኑ ነው?» ይላታል። ዘሩ ስለ አንድ ሰው ሊፈርድ ከወንበሩ ሲነሣ ከኋላው ሦስት ሰው ባንድ ድምፅ «ምኑ ነው?» ይለዋል፤ መልሶ ይቀመጣል። ቄስ እንድሪያስ ሳይቀሩ፣ አንድ ሰው በጾም ወተት የጠጣሁት ጎረቤቴም ስለጠጣ ነው ቢላቸው፣ «የጎረቤትህ ጉሮሮ ለአንተ ጉሮሮ ምኑ ነው?» ብለው ንስሐውን ሰጡት።

የእታለም መሬት ተራ የደረሰው ግንቦት ሲጋመስ ነው። ቂርቆስ ጎህ ሳይቀድ ጠምዶ መጣ። እሱ ከፊት እያረሰ፣ እታለምና ማሚቱ ከኋላ ትልሙን ተከትለው በቆሎውን እየጣሉ፣ ረፋዱ ላይ አንዱን ቃዳ ጨረሱ። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ይገለበጣል። በመንገድ የሚያልፍ አንድ የጅጋ ሰው ቆሞ ጥማዱን አየና «ይሄ አመድማው በሬ ያምራል፤ የት ነው የተገዛ?» አለ።

«ቡሬ ነዋ!» አለ ቂርቆስ ጅራፉን እያጮኸ። «በሬ ማለት የቡሬ በሬ ነው! አንድም ክፉ የለውም!»

ማሚቱ እታለምን በክርኗ ነካቻት። እታለም ሰማዩን አየች። ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተነሥቷል፤ አንድ ቃዳ ገና ይቀራል።

«ተይው» አለች። «ይረስ።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። ማሚቱ ስለ ትሕትና ጠየቀቻት፤ እታለም ጠዋት በስልክ እንዳገኘቻት፣ ፈተናው እንደቀረበ፣ በስልኩ ውስጥ ደግሞ የጓደኞቿ ሳቅ እንደሚሰማ ነገረቻት። እየተነጋገሩ እጃቸው አያርፍም፤ ሁለት ፍሬ፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት ፍሬ፣ አንድ እርምጃ። የመጀመሪያው ጠብታ የእታለምን አንገት ሲነካት አምስት ትልም ቀርቷል።

«እንግባ!» አለች ማሚቱ። «ነገ ይጨረሳል!»

«ማን ይገባል?» አለ ቂርቆስ። «ሂድ ዳልቻ! ና ቦቃ! ና የኔ ጌታ!»

ዝናቡ በደንብ ያዘ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የሚዘሩትን በቆሎ በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፍነው፣ እየተንሸራተቱና እየሳቁ በትልሙ ውስጥ ሮጡ። በሬዎቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ትከሻ ለትከሻ ሄዱ፤ ከጀርባቸው እንፋሎት ይነሣል። አራት ትልም። ሦስት። ማሚቱ አንዴ ወደቀች፤ ተቀምጣ ዘራች። ሁለት። መጨረሻው ትልም ላይ የእታለም ቁና ውስጥ የቀረው በቆሎ ከእፍኝ አይሞላም ነበር። ሁለት ሁለት እያለች ጣለችው፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ፍሬ ቀረ። ሦስቱንም አንድ ቦታ ጣለችና ጭቃውን በእግሯ መለሰችበት።

ቂርቆስ ማረሻውን ነቅሎ ጭቃውን አራገፈ። «አለቀ?» አለ፣ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኸ።

እታለም ማሳውን ዳር እስከ ዳር አየችው።

«አለቀ!» አለች፤ እሷም ጮኸች።